ወፍጮ ከነመከለያው ይሸጥ
በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ስለሚሠሩ የወፍጮ መኪናዎች ደኅንነት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ የጭነት መኪና ጣርማ በር ሲደርስ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ መንዝ ምድር ይገባል። በጭነቱ ላይ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮና ጨርቃ ጨርቅ ይገኛል። አልፎ አልፎም በሣጥን የታሸገ ሞተር፣ ጥንድ የወፍጮ ድንጋይ፣ አንድ ጥቅል ቺንጋና ጥቂት ፑሌጃ አብሮ ይጫናል። ይህ ዕቃ በሞላሌ፣ በመሐል ሜዳ፣ በወገሬ፣ በዘመሮ ወይም ከዚያ አልፎ በግሼ ራቤል ወርዶ ሲተከል ባላገሩ «ባቡር መጣ» ብሎ ይደሰታል፤ የእህል ወፍጮን በባቡር ስም መጥራት በገጠር የቆየ ልማድ ነውና።

ደስታውም ያለ ምክንያት አይደለም። የደጋው ዋና እህል ገብስ ነው። ገብስ ደግሞ ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ ተሸክሽኮ፣ ተነፍቶ፣ ተፈጭቶ ለእንጀራና ለቂጣ ይሆናል፤ ተቈልቶ ተፈጭቶም ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆን በሶ ይወጣዋል። የወፍጮ መኪና ከመምጣቱ በፊት ይህ ሁሉ ሥራ የሚወድቀው በሴቶች ትከሻ ላይ ነበር። ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው፣ በመጁ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ዱቄት ለማግኘት ሌሊቱን ያጋምሱ ነበር። መኪናው ይህን ቀንበር አንሥቶላቸዋል።

እንግዲህ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል። የሴቲቱን እጅ ያሳረፈው መኪና ያንኑ እጅ የሚቈርጥ እንዳይሆን ማን ይጠብቃል? በትልቅ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ አለ፤ የጥገና ክፍል አለ፤ የደኅንነት ሹም ይመደባል። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ ሲቋቋም፣ በመንዝ እቤት ውስጥ በእጅ ይፈተል የነበረው ሱፍ ወደ መኪና ሲገባ፣ ከመኪናው ጋር መኪናውን የሚያውቅ ባለሙያም አብሮ ገብቷል። በገጠር ከተማ የሚተከለው ወፍጮ ግን እንዲህ ያለ አጃቢ የለውም። ለባለወፍጮው መሐንዲሱም መርማሪውም ዕቃውን የሸጠለት ነጋዴ ነው። ስለዚህ የወፍጮ ቤት ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው ሞተሩ ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ ትእዛዙ በተጻፈበትና ደረሰኙ በተቈረጠበት ጠረጴዛ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቺንጋና ጋቢ

በወፍጮ መኪና ላይ ከሁሉ የሚያሰጋው ክፍል ቺንጋው ወደ ፑሌጃው የሚገባበት ሥፍራ ነው። ይህ ሥፍራ የያዘውን አይለቅም፤ ጨርቅ ቢያገኝ ጨርቁን፣ ከጨርቁም ጋር የለበሰውን ሰው ይስባል። ፍጥነቱን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ወርዱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ፑሌጃ ዙሪያው 94 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ይህ ፑሌጃ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር ቺንጋው በደቂቃ 942 ሜትር፣ በሰኮንድ ወደ 16 ሜትር ይሄዳል። ሰው አንድ አደጋ አይቶ እጁን ለመሰብሰብ በጣም ቢፈጥን የሰኮንድ ሩብ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያች ሩብ ሰኮንድ ውስጥ ቺንጋው 4 ሜትር ያህል ተጕዟል። ስለዚህ «ጠንቀቅ በል» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ጥንቃቄ ከቺንጋ ጋር እሽቅድምድም ሊገጥም አይችልም።

በደጋው አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የወፍጮ መኪና የሚሠራባቸው አገሮች ሠራተኛ ገላው ላይ የተጣበቀ የሥራ ልብስ ለብሶ እንደሚቆም ታስቦ ነው ብዙዎቹ መኪናዎች የተነደፉት። በመንዝ ግን መሬቱ በብዙ ሥፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱም ያንኑ ያህል ነው። ወንዱ ጋቢ ይደርባል ወይም በርኖስ ይለብሳል፤ ሴቲቱ ነጠላ ታጣፋለች፣ መቀነት ትታጠቃለች። የጋቢው ጫፍ፣ የነጠላው ዘርፍ፣ የመቀነቱ ትርፍ ሁሉ ለሚዞር ብረት የተዘረጋ ገመድ ነው። እህል አስፈጪዋ ስልቻዋን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ይወርዳል፤ ከጀርባዋ ቺንጋ ካለ አደጋው በዚያው ቅጽበት ይደርሳል።

ለባላገሩ «ጋቢህን አውልቀህ ግባ» ማለት በዚያ ብርድ የሚፈጸም ትእዛዝ አይሆንም። ልብሱ ለአገሩ አየር የተገባ ነው። መለወጥ ያለበት መኪናው ነው። ይኸውም ወደዚህ አገር የሚመጣው ወፍጮ የሚዞረው ክፍሉ ሁሉ የተሸፈነ ሆኖ ለሰፊ ልብስ የተዘጋጀ መሆን አለበት ማለት ነው። ለስላሳና አንጸባራቂ የሆነ ዘንግ እንኳ ሲዞር ጨርቅን ጠቅልሎ እንደሚይዝ ሊዘነጋ አይገባም፤ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ቡሎን ወጥቶ ከታየ ደግሞ የባሰ ነው።

መከለያ እንዴት ይሠራ

የመኪና መከለያ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1844 የወጣው የፋብሪካ ሕግ የፈትል ቤት ዘንጎችና ተሽከርካሪዎች እንዲታጠሩ አዝዟል፤ ልጆችና ወጣቶችም መኪናው እየዞረ እንዳይጠርጉት ከልክሏል። የደኅንነት ነገር የያዘው ሥርዓት አንድ ነው። በመጀመሪያ አደጋውን ከንድፉ ላይ ማስወገድ፤ ይህ ካልተቻለ አደጋውን መከለል፤ የቀረውን ደግሞ በማስጠንቀቂያና በትምህርት መጠበቅ ነው። ማስጠንቀቂያ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መድኃኒት አይደለም።

መልካም መከለያ ጥቂት ምልክቶች አሉት። አንደኛ፣ ቺንጋውን ከላይ፣ ከታችና ከሁለቱም ጎን ይሸፍናል፤ በፊት ለፊት ብቻ የቆመ ላሜራ ከጀርባ ለሚመጣው ልጅ አይጠቅመውም። ሁለተኛ፣ በቡሎን የታሰረ ሆኖ ያለ መፍቻ አይነሣም። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ቺንጋው መርገቡን ወይም መሰንጠቁን ሳይከፍት ማየት እንዲችል በወንፊት ብረት ይሠራል። በዚህ ረገድ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው ልክ አለ፤ የወንፊቱ ቀዳዳ በአራት ማዕዘን እስከ 12 ሚሊሜትር ቢሆን ከቺንጋው ቢያንስ 80 ሚሊሜትር፣ እስከ 20 ሚሊሜትር ቢሆን ቢያንስ 120 ሚሊሜትር መራቅ ይገባዋል። ጣት በቀዳዳው ቢገባ እንኳ ከሚዞረው ብረት እንዳይደርስ ነው።

አራተኛው ምልክት ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ነው። መከለያው ሥራን የሚያሰናክል መሆን የለበትም። የኩሽኔታው ግራሶ መሙያ ከመከለያው ውስጥ ከተቀበረ፣ ሠራተኛው ግራሶ በሚሞላበት ቀን መከለያውን ይፈታል፤ በሁለተኛው ጊዜ ሲፈታው ሁለት ቡሎን ብቻ ይመልሳል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይተወዋል። ከዚያ ወዲያ መከለያው የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ይህን ለማስቀረት ግራሶ መሙያውን በቀጭን ቧንቧ ወደ ውጭ ማውጣት ይበቃል። የቺንጋ ማጥበቂያውም ቡሎን እንዲሁ ከውጭ ሊደረስበት ይገባል። ነዳፊው ያልታሰበበትን ድካም ለሠራተኛው ከተወለት፣ ሠራተኛው መከለያውን በማንሣት መልስ ይሰጣል።

የቤቱም አሠራር ከመከለያው የማይተናነስ ነው። የሰው መንገድና የቺንጋ መንገድ መገናኘት የለባቸውም። ሞተሩና ቺንጋው በአንድ ወገን በአጥር ተለይተው፣ ሚዛኑና እህል አስፈጪዎች የሚቆሙበት ሥፍራ በሌላው ወገን መሆን ይገባል። እህል የሚፈስበትም ሣጥን አፉ ላይ ፍርግርግ ይደረግበት። በክረምት ገብሱ እርጥበት ይዞ አልወርድ ሲል ሠራተኛው በእጁ ሊጐረጕረው ይቃጣልና፤ ፍርግርጉ ካለ እጅ አይገባም፣ በእንጨት ዘንግም መጐርጐር ይቻላል። በዚያው ሥፍራ ማግኔት ቢደረግ ከእህሉ ጋር የመጣ ሚስማር ድንጋዩ ሳይደርስ ይያዛል። ሞተሩን የሚያቆመው እጀታም እህል ከሚፈስበት ቦታ ሳይራመዱ የሚደረስበት መሆን አለበት።

የደጋ አየርና የሞተር ጉልበት

አንድ ባለወፍጮ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የ20 ፈረስ ጉልበት ሞተር ገዝቶ መሐል ሜዳ ላይ ተከለ እንበል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉልበት የተለካው ለባሕር ወለል በቀረበ አየር ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየር መጭመቂያ የሌለው የናፍታ ሞተር በዚያ ሥፍራ ከጉልበቱ ሩቡን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ 20 ተብሎ የተሸጠው ሞተር መንዝ ላይ 14 ወይም 15 ሆኖ ይገኛል። የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ቢተከል፣ ከፍታው 2,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጉድለቱ ወደ አንድ አምስተኛ ዝቅ ይላል። አንዱ ዕቃ በሁለቱ ከተማዎች ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ የኪሳራ ነገር ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የደኅንነት ነገር ነው። ጉልበት ያነሰው ሞተር ጥቁር ጭስ ያበዛል፤ ከመጠን በላይ ይግላል፤ እህል ሲበዛበት ይሰንፋል። ድንጋዩ ሲታነቅ ቺንጋው ይንሸራተታል። ገበያተኛው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሠራተኛውም ቺንጋው እንዲይዝ እየዞረ ሳለ ሬንጅ ወይም ሙጫ ሊቀባው፣ አለዚያም በእንጨት ሊገፋው ይጠጋል። መከለያው የሚነሣውም በዚህ ጊዜ ነው። በዚህ ሁኔታ እጁ የተያዘ ሰው ቢኖር «በራሱ ቸልተኛነት» ይባላል። ምክንያቱን ወደኋላ እየቈጠሩ ቢሄዱ ግን መነሻው «ዕቃው የሚተከለው የት ነው?» ብሎ ያልጠየቀው ሻጭ ዘንድ ይደርሳል። ይህ ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሞተሩ ጋር የጭስ ቧንቧውም መታሰብ ይገባዋል። በብርድ አገር በርና መስኮት ይዘጋል። የናፍታ ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲጠራቀም ሽታው ከሚያስቸግረው ይልቅ በውስጡ ያለው ሽታ የሌለው መርዝ ይጎዳል፤ ራስ ያዞራል፣ ያደክማል፣ ከበዛም ይገድላል። ራሱ የዞረ ሠራተኛ ደግሞ ከቺንጋ አጠገብ የቆመ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ጭሱ በቧንቧ ከጣራ በላይ ወጥቶ ሰው ከማይቆምበት ወገን መለቀቅ አለበት። የቧንቧው ርዝመትና መጋጠሚያው ከሞተሩ ጋር አብሮ ቢሸጥ መልካም ነው።

የድንጋዩ ፍጥነት

አንዳንድ ባለወፍጮ ሥራው እንዲፈጥንለት ትንሹን ፑሌጃ በትልቅ ይለውጣል። ለምሳሌ በሞተሩ ላይ የነበረውን የ20 ሳንቲሜትር ፑሌጃ አውርዶ የ24 ያስገባል። ድንጋዩ ከበፊቱ በ20 በመቶ ይፈጥናል። ድንጋዩን ወደ ውጭ የሚስበውና ሊበትነው የሚሻው ኃይል ግን የሚያድገው በ20 በመቶ አይደለም፤ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ44 በመቶ ይጨምራል። ስንጥቅ የነበረበት ድንጋይ ይህን ላይችል ይችላል። በሙሉ ፍጥነት ሳለ የሚፈነዳ ድንጋይ ቀጭን ሽፋን አያቆመውም።

ስለሆነም በእያንዳንዱ ወፍጮ ላይ የድንጋዩ ከፍተኛ ፍጥነት በማይጠፋ ጽሑፍ፣ በአማርኛ ተቀርጾ መለጠፍ ይገባዋል። ፑሌጃ ሊገዛ የመጣ ደንበኛም «የሞተሩ ስንት ነው? የድንጋዩስ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሻጩ የአንድ ዕቃ ትርፍ ሊቀርበት ይችላል፤ ደንበኛው ግን አይቀርበትም። ድንጋይ ከመገጠሙ በፊት በትንሽ እንጨት መትቶ ድምፁን ማዳመጥም የቆየና የሚረዳ ብልኀት ነው፤ ደኅናው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ

የመብራት ኃይል በደረሰባቸው ከተማዎች ብዙዎች የናፍታውን ሞተር በኤሌክትሪክ ለውጠዋል። ጭሱ ይቀራል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። ነገር ግን አዲስ አደጋ አብሮ ይገባል። መብራት በድንገት ሲጠፋ መኪናው ይቆማል። ሠራተኛው ጊዜውን ልጠቀምበት ብሎ መከለያውን ይከፍታል፤ የታነቀውን እህል በእጁ ይጠርጋል። በዚህ መካከል መብራቱ ይመለሳል። ማብሪያው ተራ ማብሪያ ከሆነና እንደበራ ከተተወ፣ መኪናው ማንም ሳያዝዘው ይነሣል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መብራት ሲሄድ በራሱ የሚጠፋና ሰው ካልነካው በቀር የማይበራ ማስነሻ አለ። ሞተር ሲሸጥ ይህ ማስነሻ አብሮ መሸጥ ይገባዋል። ሦስት መስመር ካለው ኃይል አንዱ ሲቋረጥ ሞተሩን የሚያድን መከላከያም በዚያው ሣጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የሞተሩ ገላ ደግሞ በመሬት ሽቦ መታሰር አለበት፤ የወፍጮ ቤት ወለል በክረምት ይረጥባልና ከብረቱ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ በባዶ እግሩ በቆመ ሰው በኩል ወደ መሬት መንገድ ይፈልጋል።

ጥገናና መለዋወጫ

መኪናን ደኅና አድርጎ መትከል የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ጥገና ነው። በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመከለያው ቡሎኖች መጥበቃቸው፣ ቺንጋው አለመሰንጠቁ፣ ወለሉ ላይ ዘይት አለመፍሰሱ ይታይ። በየሳምንቱ ኩሽኔታው በእጅ ጀርባ ይዳሰስ፤ እጅ የማያስቀምጥ ግለት ካለ ግራሶ አንሶታል ወይም አርጅቷል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን መኪናው ቆሞ፣ የሚዞረው ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ትልቅ ድንጋይና ከባድ መዘውር ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ መዞሩን አይተውም።

ለጥገናው አንድ የማያወላውል ሥርዓት ይበቃል፤ መኪናውን የሚጠግን ሰው የመኪናውን መነሻ በኪሱ ይዞ ይግባ። ኤሌክትሪክ ከሆነ ማብሪያው በቁልፍ ተቈልፎ ቁልፉ ከጠጋኙ ዘንድ ይሁን። በእጅ የሚነሣ የናፍታ ሞተር ከሆነ የማስነሻው እጀታ ከቤቱ ወጥቶ በእርሱ እጅ ይቀመጥ። «ጨረስህ ወይ?» ብሎ ከውጭ መጣራት በሚጮኽ ገበያ መካከል አይታመንም።

በዚህ ላይ የባለሱቁ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ከደብረ ብርሃን ራቅ ባለ ከተማ አንድ ኩሽኔታ የሚጠፋ ከሆነ ባለወፍጮው አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሠራበታል። ቺንጋ የሚጠፋ ከሆነ የተበጠሰውን በሽቦ ሰፍቶ ይመልሰዋል፤ የሽቦው ጫፍ ደግሞ ሲዞር እንደ ምላጭ ነው። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ልኩ የሆነ ቺንጋ፣ ኩሽኔታና የመከለያ ቡሎን መኖሩ እንግዲህ ንግድ ብቻ ሳይሆን የሰው አካል ጥበቃ ነው። ብዙ ቺንጋ ጎን ለጎን በሚሠራበት ፑሌጃ ላይ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም አብረው መለወጥ እንዳለባቸው ለገዢው መንገር ይገባል፤ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር ጭነቱን እኩል ስለማይካፈል ቶሎ ይበጠሳል።

እህልና ጥራጥሬ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ባቄላና ምስር የሚበጠርበት መኪና ያው ቺንጋ፣ ያው ፑሌጃ፣ ያው ዘንግ አለው። በመጋዘኑ ውስጥ የሚሠሩት ሴቶችም ነጠላና መቀነት ለብሰው ነው የሚገቡት። ለወፍጮ የተባለው ሁሉ ለማበጠሪያውም ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የአንድ መኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት በመሠረቱ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ነበር ማለት እንኳ አያድነውም። በቁጥር 2085 ደግሞ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል፤ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ከሆነ ግን ኃላፊነት የለበትም። ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የመከለያ አለመኖር ለዓይን የሚታይ ጉድለት ነው። ስለዚህ ሠሪው «አይታችሁ ገዝታችኋል» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ሸክሙም በሩቅ አገር ካለው ሠሪ ወርዶ በገጠር ባለው ባለወፍጮ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ይህን አውቆ ለደንበኛው መከለያ የሌለው ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዕዳ ደብቆ እንደ ሸጠ ይቈጠራል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንዲያደርግ፣ ስለ ሥራው አደጋም እንዲያስተምራቸው ያዛል። በአንቀጽ 94 ደግሞ ሠራተኛው ለእርሱም ሆነ ለሌላው ጥበቃ የተሠራውን የደኅንነት መሣሪያ እንዳያነሣና እንዳያበላሽ ይከለክላል። ነገር ግን ያልተሠራ መከለያን አታንሣ ማለት እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ለአስመጪዎች ከሁሉ የሚቀርበው ቃል የሚገኘው በዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1963 ያወጣው 119ኛው ስምምነት አደገኛ ክፍሉ ያልተከለለ መኪና እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል ሲሆን፣ ኃላፊነቱንም በሠሪው፣ በሻጩና በአከራዩ ላይ ይጥላል። ድርጅቱ በ1981 ያወጣው 155ኛው ስምምነት ደግሞ መኪና የሚነድፉ፣ የሚሠሩ፣ ከውጭ የሚያስመጡና ለሌላ የሚያስተላልፉ ሰዎች ዕቃው በትክክል ለሚሠራበት ሰው አደጋ የሌለው መሆኑን እንዲያረጋግጡ፣ ስለ አተካከሉና ስለ አጠቃቀሙም መግለጫ እንዲሰጡ ይጠይቃል። ይህን ሁለተኛውን ስምምነት ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። እንግዲህ አስመጪው ከነዳፊውና ከሠሪው ጎን በስሙ ተጠርቷል።

ሒሳቡ

«መከለያ ዋጋ ያንራል» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። በእርግጥም አንዳንዶች ሠሪዎች በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ መከለያን ለብቻ ጽፈው፣ ገዢው ቢፈልግ የሚጨምረው ዕቃ ያደርጉታል፤ ገበያውን ለማሸነፍ የሚሻ አስመጪም መጀመሪያ የሚሰርዘው እርሱን ነው። ነገር ግን መከለያ ምን እንደ ሆነ ይታይ። ጥቂት ላሜራና ወንፊት ብረት፣ ማዕዘን ብረት፣ ጥቂት ቡሎን፣ የአንድ ብየዳ ሠራተኛ ድካም ነው። ከውጭ ማስመጣቱ ቢከብድ በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ባለ ብየዳ ቤት ልኩ ተወስዶ ሊሠራ ይችላል፤ ለአገር ባለሙያም እንጀራ ይሆናል።

በሌላው ሚዛን ላይ የሚቀመጠው የሰው እጅ ነው። በደጋው አገር እጁን ያጣ ገበሬ ሞፈር አይጨብጥም፤ እጇን ያጣች ሴት ሱፍ አትፈትልም፣ ሊጥ አታቦካም። ቤተ ሰቡ ከሰጪነት ወደ ለማኝነት ይወርዳል። ባለወፍጮውም ካሣ ለመክፈል ወፍጮውን ይሸጣል፤ መንደሩም ወደ መጁ ይመለሳል። ሻጩ ያተረፈው የላሜራ ዋጋ ከዚህ ጋር ሲመዘን ምን ያህል ነው?

ስለዚህ በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ አስመጪው ሦስት መስመር ይጨምር፤ መከለያው ከዕቃው ጋር ተገጥሞ ይምጣ፣ ጉልበቱ ለ3,000 ሜትር ከፍታ ተሰልቶ ይጻፍ፣ የአጠቃቀሙ መግለጫ በአማርኛ ይዘጋጅ። ባለሱቁም ዕቃውን ሲያስረክብ መከለያውን አስገጥሞ፣ የማቆሚያውን እጀታ አሳይቶ ያስረክብ። ገዢውም በበኩሉ መከለያ የሌለውን ወፍጮ ድንጋይ እንደሌለው ወፍጮ ቈጥሮ «ዕቃው ጎድሏል» ይበል። ያን ጊዜ ጣርማ በርን አልፎ የሚሄደው ባቡር ለመንዝ ሴቶች የታሰበላቸውን ዕረፍት ብቻ ይዞላቸው ይገባል።